ቦታ ሳለ ቦታ ሲጠፋ
ስለ ኔትወርክ ካርድ ድራይቨርና ስለ ሜሞሪ እጦት በሬዲዮ የተደረገ ንግግር



ራስ ምታት ሁሉ በአንድ መድኃኒት እንደማይድን፥ «ሜሞሪ አልተገኘም» የሚለው የኮምፒዩተር አቤቱታም በአንድ መድኃኒት ብቻ አይድንም። ብዙ ሰው ግን ይህ ቃል ሲገጥመው የሚያውቀው ሁለት ዘዴ ነው፤ አንደኛው ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት፥ ሁለተኛው ተጨማሪ ሜሞሪ ገዝቶ መክተት። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ይረዳሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተደረጉ እንደ ሆነ ግን የመጀመሪያው ማስረጃን ያጠፋል፥ ሁለተኛው ገንዘብን ያጠፋል፤ በሽታው ከቦታው አይነቃነቅም።

ስለዚህ ጉዳይ ለመናገር ያነሣሣኝን ነገር አስቀድሜ ላውጋችሁ። በማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት፥ በቀድሞ ዘመን በቴፕ የተቀዱ ድምፆች እንዳይጠፉ ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጡ ነበር። ቴፑ በአንድ ክፍል ይዞራል፤ ድምፁም በኔትወርክ ሽቦ ተጉዞ በሌላ ክፍል ባለ ሰርቨር ውስጥ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ከብዙ ዓመት በፊት የተገዛ፥ አሮጌ ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን ነበር። በየስድስት ቀኑ ገደማ የኔትወርክ ካርዱ ዝም ይላል። ጠባቂው ወጣት መጥቶ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራዋል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ይህ ነገር ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ ልማድ ተቈጥሮ፥ ማንም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርዱ ዝም ያለው የአንድ አዛውንት ትረካ በሚገለበጥበት ሰዓት ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ንግግር ሳይመዘገብ አለፈ። ቴፑን እንደ ገና ባዞሩት ጊዜ፥ ዕድሜው የጠና ነበርና በላዩ ያለው ቅብ ረግፎ ከዚያ ክፍል የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ተናጋሪው ሽማግሌ ካረፉ ብዙ ዘመን ስለ ሆናቸው፥ ሄዶ «እባክዎ እንደ ገና ይንገሩን» ለማለት አልተቻለም።

በኋላ የማሽኑ መዝገብ ሲመረመር የተገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። ማሽኑ «32 ኪሎባይት ሜሞሪ አጣሁ» ብሎ በጮኸበት ቅጽበት 38,400 ኪሎባይት ባዶ ሜሞሪ ነበረው። ከሚያስፈልገው 1,200 እጥፍ የሚሆን በእጁ ይዞ ሳለ «የለኝም» አለ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ለመግለጽ ነው።

የካርዱና የድራይቨሩ ሥራ

የኔትወርክ ካርድ ማለት አንዱን ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። በሽቦው የሚመጣው መልእክት ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ይደርሳል። ድራይቨር የሚባለው ደግሞ ካርዱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው፤ ለካርዱ ባዶ ቦታ ያቀርብለታል፥ የመጣለትንም ይረከብለታል። ሜሞሪውን በበላይነት የሚያድለው ከርነል የተባለው የሥርዓቱ እምብርት ነው። እኛ እዚህ የምንናገረው፥ ሊነስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ስለ ጀመረው፥ ዛሬ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች ስለሚሠሩበት ስለ ሊኑክስ ከርነል ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከዓለት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አለ እንበል። ውሃው ቀንም ሌሊትም ይወርዳል፤ «እንስራ እስካመጣ ቆየኝ» ቢሉት አይሰማም። ስለዚህ ውሃ ቀጂው አስቀድሞ ባዶ እንስራዎችን ከምንጩ ሥር በክብ ይደረድራል። አንዱ ሲሞላ ውሃው ወደሚቀጥለው ይወርዳል፤ ቀጂውም የሞላውን አንሥቶ በስፍራው ሌላ ባዶ ይተካል። ባዶውን እንስራ የሚያገኘው ከግምጃ ቤት ጠባቂው ነው። እንግዲህ ምንጩ ካርዱ ነው፤ ቀጂው ድራይቨሩ ነው፤ ግምጃ ቤት ጠባቂው ከርነሉ ነው፤ እንስራውም ከሜሞሪ ተቈርሶ የሚሰጠው ቦታ ነው። ካርዱ ፓኬቱን በቀጥታ ወደዚህ ቦታ ካፈሰሰ በኋላ፥ ኢንተራፕት የሚባል የጥሪ ደወል ይደውላል፤ ድራይቨሩም ደወሉን ሰምቶ ለሥራው ይነሣል።

የዚህን ሥራ ፍጥነት ለመገመት ጥቂት ቊጥር እንመልከት። ኢ 1000 የተባለው የታወቀው የኢንቴል ካርድ ድራይቨር፥ በተለመደው አሠራሩ 256 ዕቃዎችን ለመቀበያ ይደረድራል። በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት በሚያስተላልፍ ሽቦ፥ 1,500 ባይት የሞሉ ፓኬቶች በአንድ ሴኮንድ ከ81,000 በላይ ሊመጡ ይችላሉ። በዚህ ስሌት 256ቱ ዕቃዎች በሙሉ ለመሙላት የሚፈጅባቸው ጊዜ፥ ሴኮንድ በሺህ ቢከፈል ከዚያ ሦስት እጁ ያህል ነው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ እንኳ ክቡ ብዙ ጊዜ ሊሞላ ይችላል። ቀጂው ባዶ እንስራ ያጣ እንደ ሆነ ውሃው መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ፓኬቱ ጠፋ ማለት ነው።

የእጦት አራት ምክንያቶች

ግምጃ ቤት ጠባቂው «የለም» የሚልበት ምክንያት አራት ነው። አራቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን በዕድል ካልሆነ በቀር አያገኘውም።

የመጀመሪያው እውነተኛ እጦት ነው። ሜሞሪው በጠቅላላ አነስተኛ ሲሆንና ሥራው ሲበዛ፥ የሚታደል ነገር ያልቃል። የዚሁ የኢ 1000 ድራይቨር መመሪያ፥ 64 ሜጋባይትና ከዚያ ያነሰ ሜሞሪ ያላቸው ማሽኖች ጃምቦ ፍሬም በሚባሉ ግዙፍ ፓኬቶች ሲሠሩ የሜሞሪ እጦት መታየቱን ለተጠቃሚው ያስጠነቅቅ ነበር። እንዲህ ላለው እጦት መድኃኒቱ ሜሞሪ መጨመር ወይም ሥራውን መቀነስ ነው፤ ሌላ ብልሃት አያሻውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። ሊኑክስ ሥራ ያልያዘውን ሜሞሪ ከዲስክ ላነበባቸው ፋይሎች ማቈያ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ባዶ ተብሎ የሚቈጠረው ቦታ ጥቂት መሆኑ ብቻውን የእጦት ምልክት አይደለም። የፋይል ማቈያው በተፈለገ ጊዜ ሊለቀቅ የሚችል ነውና።

ሁለተኛው መበታተን ነው። ይህ ሰፋ ያለ መግለጫ ስለሚፈልግ ጥቂት እንቈይበት። በተለመዱት ማሽኖች ሜሞሪ እያንዳንዱ 4,096 ባይት በሚይዝ ገጽ ይከፈላል። ከርነሉ ለሚጠይቁት የሚያድለው አንድ ገጽ፥ ወይም ተያይዘው የሚገኙ 2፥ 4፥ 8 ገጾች እያለ እጥፍ በእጥፍ ነው። ትልቁ ሲጠየቅና ትንሹ ሲበዛ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ትንሽ ቦታ ያስፈለገ እንደ ሆነ ትልቁን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱ ግማሾች ባልንጀሮች ይባላሉ። ሁለቱም ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ እንደ ገና ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። ይህነን ሥርዓት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ያሰበው ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው፤ በጽሑፍ ያወጣው ደግሞ፥ ለብቻው የደረሰበት የቤል ላቦራቶሪው ኬኔዝ ኖልተን በ1965 ዓ.ም. ነው። ማርኮዊትዝ በኋላ በ1990 ዓ.ም. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰው መሆኑን ስናስብ፥ ገንዘብን ማደላደልና ሜሞሪን ማደላደል ሩቅ ለሩቅ የሆኑ ሥራዎች አለመሆናቸውን እናያለን።

አሁን አንድ የትርኢት አዳራሽ እናስብ። በየረድፉ ስምንት ወንበሮች አሉ። ስምንት ሆኖ የመጣ ቤተ ሰብ «አንለያይም፤ አንድ ሙሉ ረድፍ ይሰጠን» ይላል። በየረድፉ ግን አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከአዳራሹ ከስምንት ሰባት እጁ ባዶ ነው፤ ነገር ግን አንድም ሙሉ ረድፍ የለም። በር ጠባቂው «ቦታ የለም» ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ እንደ ተጠየቀው ያለ ቦታ የለምና። ማሽን ለብዙ ቀን ሳይጠፋ ሲሠራ ሜሞሪው እንዲሁ ይሆናል። ትንንሽ ቦታዎች ሲወሰዱና ሲመለሱ፥ በየረድፉ አንድ አንድ ያልተነሣ እንግዳ ይቀራል።

ነገሩ በኔትወርክ ካርድ ላይ የሚከፋበት ምክንያት ይህ ነው። የተለመደው የኤተርኔት ፓኬት እስከ 1,500 ባይት ይሸከማል። ብዙ ፋይል በፍጥነት ለማመላለስ የሚሹ ሰዎች ግን 9,000 ባይት በሚይዝ ጃምቦ ፍሬም ይሠራሉ። በቀድሞው የኢ 1000 አሠራር፥ ካርዱ የሚያውቃቸው ትላልቅ የመቀበያ ልኮች 2,048፥ 4,096፥ 8,192ና 16,384 ባይት ነበሩ። 9,000 በ8,192 ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ 16,384 ይያዝለታል። በዚያ ላይ ሊኑክስ ለራሱ መዝገብ የሚሆን ጥቂት ባይት ይጨምራል። ያ ጥቂት ጭማሪ ከ16,384 ያሳልፈዋልና፥ በእጥፍ ሕግ መሠረት የሚቀጥለው ልክ 32,768 ይሆናል። እንግዲህ ለ9,000 ባይት መልእክት ስምንት ተያያዥ ገጾች ተጠየቁ ማለት ነው። የዚያ መሥሪያ ቤት ካርድ ሌላ ዓይነት ቢሆንም ስሌቱ ያው ነበር። ድምፁ ቶሎ እንዲገለበጥ ተብሎ አንድ ጊዜ የተደረገ ማስተካከያ፥ በየስድስት ቀኑ ሙሉ ረድፍ የሚሻ ቤተ ሰብን ወደ ተበታተነ አዳራሽ የሚያመጣ ሆነ።

ሦስተኛው ምክንያት መጠበቅ አለመቻል ነው። «በየረድፉ የተቀመጡትን ወደ አንድ ጥግ ማሸጋሸግ አይቻልምን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይቻላል። የተራ ፕሮግራሞች ገጾች ከስፍራ ወደ ስፍራ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሊኑክስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ፥ 2.6.35 ከተባለው ከርነል ወዲህ፥ ይህነን ማሸጋሸግ ይሠራል። የፋይል ማቈያውንም አስለቅቆ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ድራይቨሩ ደግሞ በደወል ተጠርቶ በሚሠራበት ጊዜ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የሚጠይቀው ጂ ኤፍ ፒ አቶሚክ በሚባል ዓይነት ነው፤ ትርጓሜውም «አሁን ካለህ ስጠኝ፥ ከሌለህ ፈጥነህ የለም በለኝ» ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው አስቸኳይ ጥያቄ ከርነሉ ጥቂት የመጠባበቂያ ሜሞሪ ይዞ ይቈያል። ፓኬት እንደ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ግን ይህ መጠባበቂያ በቅጽበት ሊሟጠጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አንዲት ነጠላ ገጽ እንኳ ትጠፋለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቢጠይቁ ግን ሞልቶ ተርፎ ይገኛል።

አራተኛው ማፍሰስ ነው። ድራይቨሩ ዕቃ ይወስዳል፥ ግን ሳይመልስ ይረሳል። ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በመልካሙ መንገድ ላይ ሳይሆን በስሕተት መውጫው ላይ ነው። ድራይቨሩ አንደኛውንና ሁለተኛውን ዕቃ ወስዶ ሦስተኛውን ሲከለከል፥ «አልሆነም» ብሎ ይመለሳል፤ የወሰዳቸውን ሁለቱን ግን በእጁ እንደ ያዘ ይረሳቸዋል። የጠብታን ኃይል የሚንቅ ካለ ይህነን ያስላ። በሴኮንድ 10,000 ፓኬት የሚቀበል ድራይቨር ከሺው አንዱን ብቻ ሳይመልስ ቢቀር፥ የእያንዳንዱም ቦታ 2,048 ባይት ቢሆን፥ በሴኮንድ 20,480 ባይት ይጠፋል። በአንድ ቀን ይህ ከ1,769 ሚሊዮን ባይት በላይ ይሆናል።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል

የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ማሽኑን ከማጥፋታችሁ በፊት የተናገረውን ጻፉ። ዲሜሴጅ የተባለው ትእዛዝ ከርነሉ የመዘገበውን ያሳያል። ተበዳይ መጥቶ አቤት ሲል ቃሉን ሳይጽፉ የሚያሰናብቱት ዳኛ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ መልእክቱን ሳይገለብጥ ማሽኑን የሚያጠፋ ሰውም መፍትሔ አያገኝም።

በአሮጌው ማሽን ላይ የተገኘው መልእክት «ስዋፐር፤ ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር፤ ኦርደር 3፤ ሞድ 0ኤክስ20» ይል ነበር። ይህ ቃል በመጀመሪያ ሲያዩት እንደ ምሥጢር ጽሕፈት ነው፤ ሲተረጐም ግን ሁሉንም ይናገራል።

በመጀመሪያ የተጻፈው ስም ጥፋተኛውን አያመለክትም። ስዋፐር ማሽኑ ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት ጊዜ ተራውን የሚይዘው የከርነል ሥራ ነው። ደወሉ በተደወለ ጊዜ ማንም ይሁን ማን ተራውን የያዘው ስሙ ይጻፋል። በመንገድ ሲያልፍ ጠብ ያጋጠመውን ሰው ስሙን እንደ መመዝገብ ነው። ብዙዎች ይህነን ባለማወቅ ንጹሑን ፕሮግራም ሲከስሱና ሲያባርሩ ይኖራሉ። እውነተኛውን ጠያቂ ለማግኘት፥ ከመልእክቱ በታች ያለውን የጥሪ ዝርዝር ወደ ታች እየተከተሉ የድራይቨሩን ስም መፈለግ ያስፈልጋል።

ኦርደር የሚለው የተጠየቀውን ልክ ይነግረናል። ኦርደር 0 አንድ ገጽ፥ ማለት 4,096 ባይት ነው። ኦርደር 1 ሁለት ገጽ፥ ኦርደር 2 አራት ገጽ፥ ኦርደር 3 ስምንት ገጽ ነው፤ እንዲህ እያለ በኦርደር 10 ላይ 1,024 ገጽ ወይም 4 ሜጋባይት ይደርሳል። ኦርደሩ 0 ሆኖ እጦት ከተነገረ፥ መበታተን ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ አንዲት ገጽ ከማንም ጋር መያያዝ አያስፈልጋትምና። ያን ጊዜ ወይ እውነተኛ እጦት፥ ወይ የመጠባበቂያ መሟጠጥ፥ ወይ ማፍሰስ አለ። ኦርደሩ 2 ወይም 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መበታተንን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ።

ሞድ የሚለው የአጠያየቁን ዓይነት ይገልጻል። በዚያ ዘመን ከርነል 0ኤክስ20 ማለት አቶሚክ ነው፥ ይኸውም መጠበቅ የማይችል ጥያቄ ነው። ኋላ የወጡት ከርነሎች ይህንኑ በቊጥር ብቻ ሳይተዉ በቃል ጽፈው ያሳያሉ።

ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ ባዶው ሜሞሪ በየልኩ ተቈጥሮ ይገኛል። ይህንኑ ቈጠራ በማናቸውም ጊዜ ባዲኢንፎ ከተባለው የከርነል መዝገብ ማንበብ ይቻላል። በተባለው ማሽን ላይ የተገኘው ቈጠራ እንደዚህ ነበር፤ ባለ 4 ኪሎባይት 6,120፤ ባለ 8 ኪሎባይት 1,480፤ ባለ 16 ኪሎባይት 130፤ ባለ 32 ኪሎባይትና ከዚያ በላይ ምንም። ሲደመር 38,400 ኪሎባይት ነው። እንግዲህ የምሥጢሩ ቍልፍ በዚያች «ምንም» በምትለው ቃል ውስጥ ነበረች።

ቀጥሎ የካርዱን ቈጠራ ማየት ነው። ኢትቱል የሚባለው ትእዛዝ፥ ካርዱ ባዶ ዕቃ አጥቶ ስንት ፓኬት እንደ ጣለና ድራይቨሩ ስንት ጊዜ ጠይቆ እንደ ተከለከለ ያሳያል፤ የቈጠራዎቹ ስም እንደየድራይቨሩ ይለያያል። ቊጥሩን አንድ ጊዜ ማንበብ ዋጋ የለውም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ አንብቦ ልዩነቱን መያዝ ነው። መልእክቱ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ፥ ቈጠራውም የማይጨምር ከሆነ፥ ነገሩ ማስጠንቀቂያ እንጂ ጥፋት አይደለም። የወደቀውን ፓኬት ላኪው ደግሞ እንዲልከው የሚያደርግ ሥርዓት አለና ሥራው አይበላሽም።

ማፍሰስን ለመለየት ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በየሰዓቱ በከርነሉ የተያዘውን ሜሞሪ ስላብኢንፎ ከተባለው መዝገብ እየጻፉ ማወዳደር ነው። መበታተን ያለበት ማሽን የተያዘው ሜሞሪ ከፍና ዝቅ ይላል። የሚያፈስሰው ማሽን ግን እንደ ሽማግሌ ዕድሜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል፤ ሥራው በበዛ ቀን ይፈጥናል፥ ሥራው በቀነሰ ቀን ይዘገያል፥ ወደ ኋላ ግን አይመለስም። ድራይቨር ለሚጽፉት ባለሙያዎች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የገባው ኬሜምሊክ የተባለው መርማሪ፥ ባለቤቱ የረሳውን ሜሞሪ ፈልጎ ከወሰደው ክፍል ስም ጋር ያወጣል።

መድኃኒቱ እንደ በሽታው

ኦርደር 0 በአቶሚክ ጥያቄ የሚከለከል ከሆነና ማፍሰስ ከሌለ፥ ሚን ፍሪ ኪሎባይትስ የተባለውን የመጠባበቂያ ልክ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ይህ ግን በመጠን ነው። ለመጠባበቂያ የተቀመጠ እህል ለዕለት ራት አይበላም፤ መጠባበቂያው ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ተርበው ከርነሉ እስከ መግደል ይደርሳል። ከ1,024 ኪሎባይት ዝቅ ማድረግ ደግሞ ማሽኑን ጭንቅ በበዛበት ሰዓት እንዲቆም ያደርገዋል።

መበታተን ከሆነ፥ ከሁሉ የሚቀርበው መድኃኒት ጥያቄውን ማሳነስ ነው። ጃምቦ ፍሬሙን ትቶ ወደ 1,500 መመለስ፥ ወይም ፓኬቱን በአንድ ትልቅ እንስራ ሳይሆን በብዙ ገጾች ከፋፍሎ የሚቀበል አዲስ ድራይቨር መጫን ነው። የኢ 1000 ድራይቨርም በኋላ የተሻሻለው በዚህ መንገድ ነበር። ኮምፓክት ሜሞሪ በተባለው መዝገብ ላይ 1 ቢጽፉ ከርነሉ ገጾቹን ያሸጋሽጋል፤ ግን ይህ ቤት መጥረግ እንጂ ቤት መሥራት አይደለም፤ ነገ ደግሞ ይቈሽሻል። የእንስራዎቹን ቊጥር መጨመር ለአጭር ጎርፍ ይጠቅማል፤ ኦርደሩ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ጥያቄውን አብዝቶ ችግሩን ያባብሳል።

ማፍሰስ ከሆነ ከጥገናው በቀር መድኃኒት የለም። ሜሞሪ ቢጨመርለት የሚሞትበት ቀን ይራዘማል እንጂ አይቀርም። በቀዳዳ እንስራ ውሃ መጨመር ማለት ይህ ነው።

የድራይቨር ጸሐፊው ግዴታ

እስካሁን የተናገርነው ማሽኑን ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ቀርቷል። ሜሞሪ ለአንድ ቅጽበት ቢጠፋ፥ ካርዱ ለዘላለም ዝም ማለት አለበትን? የለበትም። አንድ ፓኬት መውደቁ የሜሞሪው ጉድለት ነው፤ ካርዱ እስኪጠፋና እስኪበራ ድረስ ድዳ መሆኑ ግን የድራይቨሩ ጥፋት ነው።

ይህ የሚሆነው እንዲህ ነው። ድራይቨሩ የሞላውን እንስራ አንሥቶ ይሰጣል፤ በስፍራው ባዶ ለመተካት ሲጠይቅ ይከለከላል፤ «በሚቀጥለው ደወል እተካለሁ» ብሎ ያልፋል። እንዲህ እያለ በክቡ ውስጥ አንድም ባዶ እንስራ ሳይቀር ይመጣል። ባዶ እንስራ ከሌለ ካርዱ የሚያፈስስበት የለውም፤ ካላፈሰሰ ደወል አይደውልም፤ ደወል ካልተደወለ ድራይቨሩ አይነሣም፤ ድራይቨሩ ካልተነሣ እንስራ አይተካም። በዚህ መሐል ግምጃ ቤቱ በእንስራ ቢሞላ እንኳ የሚጠይቅ የለም። ያ ማሽን ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ የተቀመጠው እንዲህ ሆኖ ነው።

ብልህ ድራይቨር ይህነን በሁለት ሕግ ያመልጣል። አንደኛ፥ አዲሱን እንስራ በእጁ ሳይጨብጥ አሮጌውን አይሰጥም፤ አዲሱን የተከለከለ እንደ ሆነ የመጣውን አንድ ፓኬት ደፍቶ ያንኑ እንስራ መልሶ ከምንጩ ሥር ያስቀምጣል። አንድ ፓኬት ይጠፋል፥ ክቡ ግን ሙሉ ሆኖ ይኖራል። ሁለተኛ፥ ክቡ የጎደለ እንደ ሆነ ደወል ሳይጠብቅ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ተነሥቶ እንዲጠይቅ ቀጠሮ ይይዛል። ከዚህም ጋር፥ ትልቁን ጥያቄ መጠበቅ በሚቻልበት በመነሻው ሰዓት ያደርጋል፤ እየሠራ ሳለ የሚጠይቀው ትንሹን ብቻ ነው። የተከለከለም እንደ ሆነ የወሰደውን ሁሉ በወሰደበት ተቃራኒ ተራ፥ ከመጨረሻው ጀምሮ ይመልሳል።

ጸሐፊው እነዚህን ሕጎች መጠበቁን ችግር እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ አያሻውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በወጣው በ2.6.20 ከርነል ውስጥ፥ ሜሞሪን ሆን ብሎ የሚከለክል የመፈተኛ ዘዴ ገብቷል። በዚህ ዘዴ ከብዙ ጥያቄ አንዱን እያስከለከሉ ድራይቨሩ እንዴት እንደሚሆን ማየት ይቻላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ ሲጠይቅ እንደሚያገኝ ብቻ ታምኖ የተጻፈ ድራይቨር በመጀመሪያው ክልከላ ይፈታል።

ማጠቃለያ

የዚያ መሥሪያ ቤት ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁና ንግግሬን ልጨርስ። አስቀድሞ የሰርቨሩ ሜሞሪ ከ512 ሜጋባይት ወደ 1 ጊጋባይት በእጥፍ ተጨምሮለት ነበር፤ ዝምታው በስድስት ቀን መምጣቱ ቀርቶ በአሥራ አንድ ቀን ሆነ እንጂ አልቀረም። መልእክቱ ተነብቦ ኦርደር 3 መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ፍሬሙ ወደ 1,500 ተመለሰ፤ በኋላም የተሻለ ድራይቨር ያለው ካርድ ተገባለት። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ለሜሞሪው ከወጣው ያንሳል። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ዝም አላለም። የአዛውንቱ ሃያ ደቂቃ ግን አልተመለሰም።

ወጣቱን ጠባቂ ለመውቀስ አልሻም፤ ማሽኑን ባጠፋና ባበራ ቊጥር ሥራው ይቀጥል ነበርና የረዳ መስሎታል። የተሳሳተው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ነው፤ በየስድስት ቀኑ የሚመለስን ነገር ዳነ ብለናልና።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ሆይ፥ በእናንተም ዘንድ ማሽን «የለም» ያለ እንደ ሆነ፥ እጃችሁ ወደ ማጥፊያው ከመሄዱ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁት፤ ምን ያህል ፈለግህ? ተያያዥ ሆኖ ነው ወይስ በተናጠል? መጠበቅ ትችል ነበርን? ትናንት የወሰድኸውንስ መልሰሃል? መልሱ እርሱ ራሱ በጻፈው መልእክትና በመዝገቦቹ ውስጥ ይገኛል፤ የሚጠፋውም ማሽኑን ስናጠፋው ነው።